የድሮ ስኖውሞቢል ሞተር ለሚሰበስብ ሰው፦ የትኛው ይገዛል? በስንት?

ሚኒሶታ ወይም ዊስኮንሲን ውስጥ የአንድ አሮጌ እርሻ ዕቃ ተጠራርጎ ሲሸጥ፣ ከጎተራው ጥግ አንድ የስኖውሞቢል (በበረዶ ላይ የሚነዳ ባለ ሞተር ተሽከርካሪ) ሞተር አይጠፋም። የሻጩም ቃል ያው ነው፦ «ብርቅ ነው፣ ከእንግዲህ አያገኙትም»። ብዙ ጊዜ አልዋሸም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ስኖውሞቢል የሚሠሩ ድርጅቶች ከመቶ ይበልጡ ነበር፤ ብዙዎቹ ጥቂት ክረምት ሠርተው ከገበያ ወጡ። ሞተሩን ደግሞ አብዛኞቹ ራሳቸው አይሠሩትም፤ ከጀርመን፣ ከኦስትሪያ፣ ከጃፓን ወይም እዚያው ከዊስኮንሲን ይገዙት ነበር። ስለዚህ «ብርቅ» የሚባል ሞተር ሞልቷል። ገንዘብ የሚያወጣው ፈላጊ ያለው ነው፤ ማለትም አካሉ ደህና ሆኖ ሞተሩ የጎደለ ስኖውሞቢል ጋራዡ ውስጥ ያቆመ ሰው ሲኖር።

ከዚህ በታች የሚወዳደሩት ሰብሳቢዎች ዘንድ ደጋግመው የሚመጡ ስድስት ዓይነቶች ናቸው። በሚኒያፖሊስ፣ በካልጋሪ፣ በኤድመንተን ወይም በዴንቨር ጋራዥ ለሚሠሩ ወገኖች ጥሩ የክረምት ሥራ ይሆናሉ። አገር ቤት ባለ ሁለት ምት ሞተር ብስክሌት ፈትቶ የገጠመ እጅ ከአብዛኞቹ ጋር ይግባባል።

መጀመሪያ መስፈርቱ

*ፈላጊ።* ሞተሩ የየትኛው ስኖውሞቢል፣ የየትኛው ዓመት ሞዴል ነው? ይህ ካልታወቀ ምንም ያህል ቢያምር የመደርደሪያ ጌጥ ነው። በሌላ በኩል በሺዎች የተሠራ ተራ ሞተር፣ የሚገጠምበት ስኖውሞቢል ዛሬም በብዛት ካለ በሳምንት ውስጥ ይሸጣል።

*የማይተካው ክፍል።* ፒስቶን፣ ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት)፣ ኩሽኔታና ጓርኒሲዮን (የመገጣጠሚያ ማሸጊያ) ለብዙዎቹ ዛሬም ይገኛል። ክራንክኬዝ (የሞተሩ ታችኛው ቤት)፣ ሲሊንደር፣ ቴስታታ (የሲሊንደሩ ክዳን) እና የማራገቢያው ቤት ግን የሚገኙት ከሌላ አሮጌ ሞተር ላይ ነው። በሮታሪ ሞተር (በፒስቶን ፋንታ ሮተር የሚዞርበት) ደግሞ ሮተሩና ሮተሩ የሚዞርበት ቤት። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ጊዜዎን ሁሉ እነዚህ ላይ ያጥፉ።

*ሙሉነት።* ካርቡራተር፣ የካርቡራተር መያዣ፣ የጭስ መውጫ አንገት፣ የገመድ ማስነሻ፣ ቮላኖ (ማግኔቱን ይዞ የሚዞረው ከባድ ብረት) እና ከሥሩ ያሉት ጥቅሎች፣ ፍሪሲዮን። በማራገቢያ በሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ ሲሊንደሩን የሚሸፍነው ቆርቆሮ ቀላል ነገር ይመስላል። እሱ ከሌለ ግን አየሩ ወደ ክንፎቹ አይመራም፤ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ግሎ ይበላሻል። ለብቻው ፈልጎ ማግኘትም ከፒስቶን ይልቅ ይከብዳል።

*ማንነት።* ሽፋኑ ላይ የተለጠፈ ሰሌዳ በአራት ብሎን ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወራል። የሚታመነው ክራንክኬዙ ላይ የተመታው ቁጥር ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ዋጋው እንደ ተራ ሞተር ይታሰብ።

*የጥገና ወጪ።* ይህን ለብቻው እንመለስበታለን፤ ሰው ሁሉ የሚከስረው እዚህ ላይ ነውና።

ከመክፈልዎ በፊት የሚደረግ ምርመራ

«ይዞራል፣ አልተጣበቀም» ማለት ጥሩ መነሻ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። ባትሪ መብራት፣ የካንዴላ መፍቻ፣ የኮምፕሬሽን ጌጅና ትንሽ የእጅ ፓምፕ ጌጅ ያለው ይያዙ።

ማርሚታውን (የጭስ ድምፅ ማፈኛውን) ይፍቱና በጭስ መውጫው ቀዳዳ ያብሩ። ቮላኖውን በእጅ ቀስ ብለው እያዞሩ ፒስቶኑን ያውርዱት። ጎኑ ወጥ ግራጫ ሆኖ የማሽን ስስ መስመሮቹ አግድም ከታዩ ደህና ነው። ከላይ ወደ ታች የወረደ ጭረት፣ ወይም ሲሊንደሩ ላይ የተለጠፈ ነጭ አሉሚኒየም ካለ አንድ ጊዜ ነክሷል። በቀዳዳው በኩል ፋሻውን በእንጨት ጫፍ ጫን ያድርጉት፤ ገባ ብሎ መመለስ አለበት። የማይነቃነቅ ከሆነ በካርቦን ተጣብቋል። ይህ ለመጠገን አስቸጋሪ አይደለም፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን በቂ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ኮምፕሬሽን። የካርቡራተሩን ጉሮሮ ሙሉ በሙሉ ከፍተው የጌጁ መርፌ መውጣት እስኪያቆም ድረስ አምስት ስድስት ጊዜ ገመዱን ይሳቡ። ለብዙዎቹ ባለ ፒስቶን ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ከ110 እስከ 130 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ጤነኛ ነው፤ ከ100 በታች ፋሻ ወይም ሲሊንደር ይጠይቃል። በባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር የሁለቱ ልዩነት ከአሥር በመቶ አይብለጥ። ከፍታ ላይ ያላችሁ ግን ልብ በሉ፦ ሚኒሶታ ላይ 120 የሚያሳይ ሞተር 1,600 ሜትር ከፍታ ባለው ዴንቨር 100 አካባቢ ብቻ ያሳያል። ሞተሩ አልደከመም፤ አየሩ ነው የሳሳው።

ሦስተኛው የአየር ፍሳሽ ምርመራ ነው፤ አብዛኛው ገዢ ይዘለዋል። የካርቡራተሩንና የጭስ መውጫውን አፍ በጎማ ውታፍ ይዝጉ፣ በካንዴላው ቀዳዳ ወይም በፓልስ ቱቦው (የክራንክኬዙ ግፊት በሚያልፍበት) በኩል 6 ፒኤስአይ አየር ይሙሉና ሰዓት ይመልከቱ። በደቂቃ ከ1 ፒኤስአይ በላይ ከወረደ ይፈሳል። ከ10 ማለፍ አይገባም፤ ኦይል ሲሉን (ዘይትና አየር እንዳያልፍ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት) ገፍቶ ያወጣል። በኮሎው (ፒስቶኑ የሚያዞረው ዋናው ዘንግ) ሁለት ጫፍ ላይ ሳሙና ውሃ ይቀቡ፤ አረፋ የሠራበት ወገን ሲሉ ደርቋል ማለት ነው። ይህ ለምን ይህን ያህል ያሳስባል? ባለ ሁለት ምት ሞተር ቤንዚኑንና ዘይቱን በክራንክኬዙ ውስጥ አሳልፎ ስለሚስብ፣ በደረቀ ሲል የገባ ንጹሕ አየር ድብልቁን ያሳሳዋል፤ የሳሳ ድብልቅ ፒስቶኑን ያግላል፣ ፒስቶኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ይቆማል። ሞተሩ ቆንጆ አድርጎ ተነሥቶ፣ ለአሥር ደቂቃ ሠርቶ፣ ከዚያ የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው። ሃምሳ ዓመት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ «አዲስ» ሞተርም ከዚህ አያመልጥም። ጎማው በሳጥን ውስጥም ይደርቃልና፣ ሲሉ ሳይቀየር መነሣት የለበትም።

በመጨረሻ ቢየላውን (ፒስቶኑን ከኮሎው የሚያያይዘውን ዘንግ) በጭስ መውጫው በኩል ይፈትሹ። ወደ ጎን ትንሽ መንሸራተቱ የተፈጥሮው ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ግን ምንም መላወስ የለበትም። ሞተሩ ተፈትቶ ከሆነ ኮሎው በቪ ቅርጽ ማረፊያ ላይ ተቀምጦ በሰዓት ጌጅ ይለካ፤ እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር መዞር ይፈቀዳል፣ ከ0.1 ካለፈ ተፈልቅቆ እንደገና መገጠም አለበት። ውጭ የተጣለ ሞተር ውሃ የሚያጠራቅመው ታች ክራንክኬዙ ውስጥ ነው፤ ሲዞር አሸዋ የፈሰሰበት ዓይነት ድምፅ ካለው ኩሽኔታው ዝጓል።

ስድስቱ ዓይነቶች

*ሮታክስ ነጠላ ሲሊንደር።* ኩቤክ ቫልኮርት የነበረው ቦምባርዲየር ስኪ-ዱ ኦሊምፒክ ላይ የገጠመው የኦስትሪያ ሞተር ነው፤ በ1970 ቦምባርዲየር የሮታክስን ባለቤት ድርጅት ራሱን ገዛው። ባለ 300ው 76 በ66 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 335ው 78 በ70 ሚሊ ሜትር ነው። ብርቅ አይደለም፤ ጥንካሬውም ይህ ነው። ኦሊምፒክ በየጎተራው አለ፣ መለዋወጫው አለ፣ የሚያውቀው ሰው አለ። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሞተሩ ሳይሆን ከቲሎትሰን ካርቡራተሩ ነው፦ ስስ ጎማው በዕድሜ ይደርቃል፣ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ደግሞ ያበላሸዋል። ሌላው ፑንቲናው (ለካንዴላው እሳት የኤሌክትሪኩን መስመር የሚከፍትና የሚዘጋው) ነው፤ ክፍተቱ ከ0.35 እስከ 0.45 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው ተበልቶ ወይም ዝጎ ይገኛል። ለማስተካከል ቮላኖው በልኩ መፍለቂያ ይውጣ። በመዶሻ ወይም በባለ ጥፍር መሳቢያ የሚያወጣ ሰው ማግኔቱን ይሰብራል፤ የተሰበረ ማግኔት ደግሞ የሞተሩን ግማሽ ዋጋ ይዞ ይሄዳል።

*የኮህለር ባለ አራት ምት።* በ1959 የወጡት የመጀመሪያዎቹ ስኪ-ዱዎች የተገጠመላቸው 7 የፈረስ ጉልበት ያለው የዊስኮንሲን ሞተር ነበር። እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። ያው ሞተር ለአትክልት ትራክተርና ለውሃ ፓምፕም በብዛት ተሽጧል፤ ስለዚህ «የመጀመሪያው ስኪ-ዱ ሞተር» ተብሎ የሚቀርበው አብዛኛው ከሣር ማጨጃ የወጣ ነው። መለያው ሰሌዳው ላይ ያለው የስፔክ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ለስኖውሞቢል የተሠራውን ካላመለከተ ዋጋው የትራክተር ሞተር ዋጋ ነው። ለመጠገን ግን ከስድስቱ ሁሉ ቀላሉ።

*ያማሃ ኤስኤል 350።* ያማሃ በ1968 ወደ ስኖውሞቢል ሲገባ ራሱ ሠርቶ የገጠመው 348 ሲሲ ባለ ሁለት ሲሊንደር። የመጀመሪያው መሆኑ የታሪክ ዋጋ ይሰጠዋል፤ ያማሃ የ2025 ሞዴል የመጨረሻው እንደሚሆን በ2023 ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ ታሪኩ መጀመሪያም መጨረሻም አለው። ሥራው ጥንቁቅ ነው፣ ግን ሁለቱ ሲሊንደሮች እኩል መሆናቸውን ሳይለኩ አይግዙ። የዓመቱን ሞዴልም ያረጋግጡ፤ ኋላ የመጡት ያማሃዎች ቅርብ ይመስላሉ፣ የሰብሳቢው ገንዘብ ግን የመጀመሪያው ላይ ነው።

*ሳክስ ዋንክል ኬኤም 914።* ይህኛው ልዩ ነው፣ ልዩ ጥንቃቄም ይፈልጋል። ሽዋይንፉርት፣ ጀርመን የነበረው ፊክተል ኡንድ ሳክስ የሠራው 303 ሲሲ ነጠላ ሮተር ነው፤ በይበልጥ የሚታወቀው በአርክቲክ ካት ፓንተር ላይ ነው። ጉልበቱ 20 ፈረስ ገደማ። ፒስቶን የለውም፤ ባለ ሦስት ጎን ሮተር በሞላላ ቤት ውስጥ ይዞራል፣ በሦስቱ ጫፎቹ ላይ ያሉት ስስ ሲሎች ግድግዳውን እየዳበሱ ጋዙን ይይዛሉ። ወደ ሞተሩ የሚገባው ቤንዚንና አየር መጀመሪያ በሮተሩ ሆድ ውስጥ አልፎ ያቀዘቅዘዋል፣ ከቤንዚኑ ጋር የተቀላቀለው ዘይትም ኩሽኔታውን ያለሰልሳል። ስለዚህ የሳሳ ድብልቅ ለዚህ ሞተር ከማንም በላይ ጠላቱ ነው።

የተለመደው የኮምፕሬሽን ጌጅ እዚህ ያታልላል። ጌጁ ውስጥ ያለችው መመለሻ ቫልቭ ከፍተኛውን ቁጥር ይዛ ስለምትቀር፣ ከሦስቱ ገጾች ሁለቱ ሞተው አንዱ ጤነኛ ቢሆን እንኳ ጥሩ ቁጥር ያሳያል። ቫልቯን አውጥተው ገመዱን ይሳቡና መርፌው ሲዘል ይመልከቱ፦ ዘንጉ ሦስት ጊዜ ሲዞር ሮተሩ አንድ ጊዜ ይዞራል፣ መርፌውም ሦስት እኩል ዝላይ ማድረግ አለበት። ሁለት ከፍ ብሎ አንድ ዝቅ ካለ የአንዱ ጫፍ ሲል ተጣብቋል ወይም ተሰብሯል። የተጣበቀው በካንዴላው ቀዳዳ ማሟሚያ ፈሳሽ ተጨምሮ ጥቂት ቀን ሲቆይ አንዳንዴ ይለቃል። ከዚያ በጭስ መውጫው አብርተው የቤቱን ግድግዳ ይዩ። መስተዋት መስሎ ካበራ ይግዙ። እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ሞገድ ሞገድ ከሠራ ወይም ሽፋኑ ከተላጠ ግን ለመለዋወጫ ካልሆነ በቀር ይተዉት።

ለሽያጭ የሚረዳ አንድ ነገር፦ ከ1974 ጀምሮ የተሸጠው የጀርመኑ ሄርኩለስ ደብሊው 2000 ሞተር ብስክሌት የዚሁ ሞተር ዘመድ ነው። ስለዚህ ከአውሮፓም ፈላጊ ይመጣል። የሞተር ብስክሌቱ ግን 294 ሲሲ ነው፤ ክፍሎቹ ሁሉ አንድ ናቸው ብለው ለገዢ ቃል አይግቡ።

*የኦኤምሲ ሮታሪ።* ጆንሰንና ኢቪንሩድ ስኖውሞቢሎችን ይሠራ የነበረው ኦኤምሲ (አውትቦርድ ማሪን ኮርፖሬሽን) በ1970ዎቹ መጀመሪያ ራሱ ያወጣው 528 ሲሲ፣ 35 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር። ከሳክሱ ይልቅ ብርቅ ነው፣ ለመሸጥም ይበልጥ ይከብዳል፤ የሚስማማው ለእነዚያው ለጥቂቶቹ የኦኤምሲ ስኖውሞቢሎች ብቻ ነው። ድርጅቱ በ1970ዎቹ አጋማሽ ስኖውሞቢል መሥራት አቆመ፣ በ2000 ደግሞ ከሰረ። መለዋወጫው ሌላ ኦኤምሲ ሮታሪ ነው። ስለዚህ ወይ ሁለት ይግዙ ወይ ምንም አይግዙ። የሳክሱ የሦስት ዝላይ ምርመራ ለዚህም ይሠራል።

*ማራገቢያ የሌላቸው የእሽቅድምድም ሞተሮች።* በ1970ዎቹ እንደ ፖላሪስ ስታርፋየር ባሉት ላይ የተገጠሙት፣ የሚነፍሰው አየር ብቻ የሚያቀዘቅዛቸው ናቸው። የፖላሪሶቹ የጃፓኑ ፉጂ ሄቪ ኢንዱስትሪስ ሥራ ናቸው፤ ድርጅቱ ዛሬ ሱባሩ ይባላል። ከስድስቱ ከፍተኛውን ዋጋ የሚያወጡ፣ ከፍተኛውን ማጭበርበርም የሚስቡ እነዚህ ናቸው። ከተራ ክራንክኬዝና ከውድድር ሲሊንደር የተገጣጠመ ሞተር «ፋብሪካ የሠራው» ተብሎ ይሸጣል። የሲሊንደሩ ቀዳዳዎች በእጅ በፋይል ከተሰፉ ፍጥነት ይጨምር ይሆናል፤ እንደነበረ መመለስ ለሚፈልግ ሰብሳቢ ግን ሲሊንደሩ ተበላሽቷል። ቀዳዳዎቹን በጣትዎ ይዳብሱ፦ የፋብሪካው ጠርዝ የቅልጥ ብረት ሻካራነት አለው፣ የተፋቀው ይለሰልሳል። በዝግታ በጫካ መንገድ ለመንዳት እንዲሆኑ አያስቡ፤ አየር ካልነፈሰባቸው ይግላሉ።

በአንድ እይታ

| ሞተር | ፈላጊ | መለዋወጫ | ትልቁ ስጋት | የዋጋ ደረጃ |
|---|---|---|---|---|
| ሮታክስ 300/335 | ብዙ | በቀላሉ ይገኛል | ደረቅ ሲል፣ ካርቡራተር | ዝቅተኛ |
| ኮህለር ባለ አራት ምት | ጥቂት ግን ጽኑ | ይገኛል | የተሳሳተ ስፔክ ቁጥር | ቁጥሩ ከገጠመ ከፍተኛ |
| ያማሃ ኤስኤል 350 | መካከለኛ | ፈልጎ ይገኛል | እኩል ያልሆኑ ሲሊንደሮች | መካከለኛ |
| ሳክስ ኬኤም 914 | ጥሩ፣ አውሮፓም ጭምር | አስቸጋሪ | ሲልና የቤቱ ግድግዳ | ከመካከለኛ በላይ |
| ኦኤምሲ ሮታሪ | በጣም ጥቂት | ከሌላ ሞተር ብቻ | ገዢ ማጣት | ወጥ አይደለም |
| የእሽቅድምድም | ብዙ፣ ገንዘብ ያለው | አስቸጋሪ | ማጭበርበር፣ የተፋቀ ሲሊንደር | ከሁሉ ከፍተኛ |

ዋጋውን ማውጣት

መነሻው የተጠየቀው ዋጋ ሳይሆን የተሸጠበት ዋጋ ነው። ተመሳሳይ ሞተር እየሠራና ሙሉ ሆኖ በቅርቡ የተሸጠባቸውን ሦስት ዋጋዎች ያግኙና መካከለኛውን ይውሰዱ። ለስሌቱ ማሳያ ያህል መካከለኛው 900 ዶላር ነው እንበል። እርስዎ ያገኙት ግን የማይሠራ ነው። ሲል 60፣ ፒስቶንና ፋሻ 110፣ ሲሊንደር በማሽን ማስፋት 70፣ ኮሎ ማሠራት 250፣ የካርቡራተር ጎማ 25፣ ጓርኒሲዮን 40፤ ድምሩ 555 ዶላር። ከ900 ሲቀነስ 345 ይቀራል። ሲፈታ ለሚወጣው ያልታሰበ ችግር የጥገናውን 20 በመቶ፣ ማለትም 111 ዶላር ይቀንሱ። ሊከፍሉ የሚገባው ጣሪያ 234 ዶላር ነው። የራስዎ ጉልበት ገና አልተቆጠረም። ሻጩ 400 ካለ ተጨባብጠው ይለያዩ።

ኮሎው የጥገናው ሂሳብ ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረው መሆኑን ያስተውሉ። የኮሎው ምርመራ የሚወስደው አምስት ደቂቃ ገዢን ከሁሉ የበለጠ የሚያድነው ለዚህ ነው። ከኩቤክ ወይም ከአልበርታ ሲገዙ ደግሞ ዶላሩ የካናዳ ይሁን የአሜሪካ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ለየትኛው በጀትና ዓላማ?

ከ300 ዶላር ያልበለጠ ካለዎትና መማር ከፈለጉ፦ ሮታክስ 335፣ ተጣብቆ የቆመ ቢሆንም እንኳ ሙሉ የሆነ። ቢሳሳቱ ስህተቱ ርካሽ ነው፣ ሲጨርሱም ገዢ አለው።

ገዝቶ ጠግኖ መሸጥ ከሆነ ሐሳብዎ፣ በሮታክስና በያማሃ ይቆዩ። ሮታሪ ገንዘብ አስሮ ያስቀምጣል፤ ትክክለኛው ገዢ እስኪመጣ ዓመት ሊያልፍ ይችላል።

ለማሳያ የሚሆን፣ ቆርጠው ሰው የሚያሳዩበት ሞተር ከፈለጉ ግድግዳው የተላጠ ሳክስ ዋንክል ያንሱ፤ ለመንዳት የማይሆነው ለማስተማር ግሩም ነው። የሚሠራ ሳክስ መቁረጥ ግን አይገባም፣ የቀሩት እየተቆጠሩ ነው።

በቂ ገንዘብ ላለውና ለረጅም ጊዜ ለሚያስቀምጥ ሰው የእሽቅድምድም ሞተር፣ ያውም ከስኖውሞቢሉ ጋር አብሮ የኖረ፣ ቁጥሮቹ የሚስማሙ፣ የድሮ ደረሰኝ ወይም የውድድር ፎቶግራፍ ያለው ብቻ። ወረቀት የሌለውን በተራ ሞተር ዋጋ ካልሆነ አይንኩ።

ዕቃው በብዛት የሚወጣው በሴፕቴምበር መጀመሪያ ኖርዝ ብራንች፣ ሚኒሶታ በሚካሄደው ሄይ ደይስ በተባለው የስኖውሞቢል ገበያ ላይ ነው፤ በጃንዋሪ ደግሞ ዋኮኒያ፣ ሚኒሶታና ኢግል ሪቨር፣ ዊስኮንሲን የድሮ ስኖውሞቢል ባለቤቶች ይሰበሰባሉ። ጠዋት በመጀመሪያው ሰዓት ይድረሱ፤ ደህናው ዕቃ ፀሐይ ሳይሞቅ ያልቃል።

ቤት ሲያደርሱት ሚኒሶታ ላላችሁ ኢታኖል የሌለው ቤንዚን ለእንዲህ ዓይነት ሞተር በብዙ ማደያዎች በሕግ ተፈቅዶ ይሸጣልና እሱን ተጠቀሙ። ሳይነሣ የሚቀመጥ ከሆነ ካርቡራተሩን ባዶ ያድርጉ፣ በካንዴላው ቀዳዳ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ባለ ሁለት ምት ዘይት ጨምረው ገመዱን አራት አምስት ጊዜ ቀስ ብለው ይሳቡ፣ ፒስቶኑ ሁለቱንም ቀዳዳዎች በሸፈነበት ቦታ ያቁሙት። የጭስ መውጫውንና የካርቡራተሩን አፍ በጎማ ክዳን ይዝጉ እንጂ በጨርቅ አይወትፉ፤ ጨርቅ እርጥበት ይስባል፣ አይጥም ጎጆ ትሠራበታለች።